የሰላምን ዓይን ለማሳከም ጉርድ ሾላ የሰነበትንበት ጉዞ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ከተማው ነው። ፎቁስ? መብራቱስ? አብዮት አደባባይን አየሽው? አላየሁትም። ያየሁት ጉርድ ሾላን፣ ሾላ ገበያን፣ አንድ የሆስፒታል ኮሪደርና ቦሌ ያለ አንድ ግቢ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ከማወራ ብዬ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ስለሆንኩ መጻፍ አይከብደኝም። የሚከብደኝ አለመናደድ ነው፤ እሱንም ስታነቡ ታዩታላችሁ።

የሄድኩት ለልጄ ለሰላም ነው። ሰላም አራት ዓመቷን ጨርሳለች። አንድ ማታ በኩራዝ ብርሃን እራት ሳጎርሳት ግራ ዓይኗ ውስጥ እንደ ድመት ዓይን ነጭ ነገር ብልጭ አለብኝ። ጠዋት ባየው ምንም የለም። ማታ ደግሞ አለ። እየቆየ ዓይኗ ይሸወር ጀመር። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለምና አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ አንዱ ሞራ ነው አለ፣ አንዷ ደግሞ «ልጅቷን ሰው ፊት አታውጫት ብዬሽ ነበር» ብላ ተቆጣችኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቅባት ሰጠን። ቅባቱ አለቀ፣ ብልጭታው አላለቀም። በመጨረሻ «አዲስ አበባ ውሰጃት፤ ደግሞ አትቆዪ» አለኝ።

አባቷ ታምሩ ወታደር ነው፤ ያኔ ሰሜን ግንባር ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣ ደግሞ ወራት ያልፋል። ሰው በሬን ባንኳኳ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሰኞ

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ካወጣሁ በኋላ ሰኞ ማለዳ ተነሳን። የምናርፈው ጉርድ ሾላ፣ የታምሩ አጎት ጋሽ ታደሰ ቤት ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ጆንያ ማንጎ ይዣለሁ። ጆንያውን ጣራ ላይ ጫኚው ሲሉኝ እንቢ ብዬ እግሬ ሥር አደረግኩት። አወይ ጥበቤ!

ደብረ ሲና ላይ ላባችን ደረቀ። ጣርማ በርን ስንወጣ ጉም ገባንበት፤ እኛ አገር ጉም ስለሌለ ከመጽሐፍ ብቻ ነው የማስተምረው። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሰላም «መሸ?» አለችኝ። ስንወጣ ደግሞ «ነጋ» አለች። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሲስቁላት ጊዜ ደጋገመችው። ደብረ ብርሃን ሻይ ጠጣን። ሸዋ ሮቢት ሻይ እስኪበርድ እንጠብቃለን፤ እዚያ ሳይበርድ ቶሎ ነው የሚጠጡት።

ሰንዳፋ ላይ ኬላ አለ። ሁላችንም ወረድን። አንዱ ፈታሽ ጫፉ የሾለ ብረት ይዞ ወደ ጆንያዬ መጣ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ማንጎ ነው ወንድሜ። ፍታና እየው።»

«ከሥር ቡናም ሊሆን ይችላል» አለና ብረቱን ሰካው። አንዴ ቢሆን ጥሩ፤ እንደ ወንፊት ነው የበሳሳው። ከዚያ ብረቱን ጠረገና «ማንጎ ነው» አለኝ። እኔ ምን አልኩህ! ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ጭማቂው በወለሉ ላይ ወረደና ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጫማ ሥር ገባ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እግራቸውን አነሳ አድርገው «ግዴለም ልጄ፣ ከተወለወለ ቆይቶ ነበር» አሉኝ።

ጉርድ ሾላ መገንጠያው ላይ ወረድን። ጋሽ ታደሰ ከጠዋት ጀምረው እዚያው ቆመው ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ሁልጊዜ የሚጠርጉ ሰው። ለእኛ ብለው ፈቃድ ወስደዋል። መንደሩን አዲስ አበባ ነው ብሎ የሚያምን የለም፤ ባሕር ዛፍ ነው፣ ላም አለ፣ ጅብ ይጮሃል። ራቅ ብሎ ወደ ሲኤምሲ በኩል አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው ይባላል። ብርዱ ግን ጉድ ነው። እኛ በሙቀት ምክንያት ደጅ እንተኛለን፤ እዚያ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደርበውልኝም ጥርሴ ተንቀጫቀጨ።

ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ የተበሳውን ማንጎ አይተው «ይሄማ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት» አሉና ጎረቤቱን ጠሩት። በዚያ ምሽት መንደርተኛውን በሙሉ በማንጎ ምክንያት ተዋወቅኩ። የእድሩ ሽማግሌ አባባ ወልዴም መጥተው ነበር። ሰላምን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ይቺ ቆንጆ ምን ሆነች?» ብለው ዓይኗን ሲያዩ ቆዩ።

ማክሰኞ

በከተማ አውቶቡስ ሆስፒታል ሄድን። በአውቶቡሱ ውስጥ መቆም ሳያስፈልግ ሰው ራሱ ይይዝሃል፤ የእኛ የገበያ ቀን መኪና እንኳ እንዲህ አይጨናነቅም። ሆስፒታል ስንደርስ ኮሪደሩ ከአውቶቡሱ የባሰ ነው። አጠገቤ ከአርሲ የመጣች ዘይነባ የምትባል ሴት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። የልጁ መንጋጋ በአንድ በኩል አብጧል።

«ያንቺስ ምን አሏት?» አለችኝ።

«ገና ነው፤ ምርመራ ይቀራል ይሉኛል መሰለኝ።»

«እኔንም እንደዚያ ሲሉኝ ነበር» አለችና ልጇን አስተካክላ አቀፈች። ነገሩ አልገባኝም።

ዶክተሩ ረጅም ጊዜ ወስዶ በመብራት የሰላምን ዓይን አየ። ከዚያ ነርሷ «ልጅቷን ነይ እናስመዝናት» ብላ ይዛን ወጣች። ጋሽ ታደሰ እዚያው ቀሩ። ተመዝና ስንመለስ በር ላይ ቆመው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

«ምን አሉዎት?»

«ትንሽ ምርመራ ይቀራል። አርብ ተመለሱ ነው ያለን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ነይ እንሂድ፣ ልጅቷ እርቧታል።»

ጋሽ ታደሰ መዋሸት አይችሉም። ግን ሰው እንግድነት ሲይዘው ያሉትን ይቀበላል፤ ተቀበልኩ።

ረቡዕ

እትዬ በላይነሽ ሾላ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። ገበያው ሰፊ ነው፤ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ የሸክላ ድስቱ፣ ሁሉም በየተራው ነው። የእኛን አገር ሽንኩርት ተደርድሮ ሳየው ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ነጋዴዋን «ከየት ነው?» ብላት «ከናዝሬት» አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ ሽንኩርታችንን አላጣውም። ልከራከር ስል እትዬ በላይነሽ «ተይ እስቲ፣ ዛሬ አትናደጂ» ብለው ጎተቱኝ። ዛሬ ምን ስለሆነ?

ያን ዕለት ሰው ሁሉ ደግነቱ አለቅጥ በዛብኝ። እትዬ በላይነሽ ለሰላም ቀሚስ ገዙላት። ዘንቢሉን ልያዝ ብል አሻፈረኝ አሉ። መንገድ ላይ ያገኘን ጎረቤት ሁሉ ሰላምን እየሳመ ከረሜላ ይሰጣታል፤ እኔን ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ቤት ስንገባ አንዷ እንቁላል ይዛ፣ አንዷ ወተት ይዛ መጣች። ማታ ሽሮው ቀረበና እትዬ በላይነሽ ጉርሻ በጉርሻ ያደርጉብኝ ጀመር።

«ብዪ እንጂ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

«ለምኑ?»

ጋሽ ታደሰ ተነስተው ሬዲዮኑን ከፈቱ። እኔ ሰው ሲበዛ ደግ ከሆነብኝ እፈራለሁ። ያን ሌሊት አልጋው ላይ ሆኜ ያሰብኩት ስለ ሰላም ዓይን አይደለም፤ ስለ ታምሩ ነው። ከግንባር አንድ ነገር ሰምተዋል፣ ደብቀውኛል አልኩ።

ሐሙስ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብለው ነው ያንኳኩት። አባባ ወልዴ ገቡ። ተከትለው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሴቶች ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም «እንዴት አደራችሁ» አላለም። ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

እኛ አገር በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ለብሶ፣ እንደዚያ ዝም ብሎ ሰው ቤት የሚገባ ለምን እንደሚገባ ሕፃን ልጅም ያውቃል። መርዶ ነው።

አባባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ጠንከር ማለት ነው። ሁሉም የእግዚአብሔር ነው...»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። «ወይኔ ታምሩ! ወይኔ ባሌን! በሰው አገር ጉድ ሆንኩ!» ብዬ መሬት ወደቅኩ። ደረቴን ደቃሁ። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ አለቀሱ፤ አንዷ ሙሾ ማውረድ ጀመረች፣ ታምሩን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። አባባ ወልዴ «ኧረ አይደለም! ኧረ ዝም በሉ! ሰው አልሞተም!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው? ጩኸቱን የሰማ መንደርተኛ ጋቢውን እየለበሰ ይጎርፋል። የእድሩ ጸሐፊ እየሮጠ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «ድንኳኑን አሁን እናምጣ ወይስ ሬሳው እስኪመጣ እንጠብቅ?» አለ።

ጋሽ ታደሰ በዕድሜያቸው ጮኸው የሚያውቁ አይመስለኝም። ያን ቀን ጮኹ።

«ታምሩ ደህና ነው! የልጅቷ ዓይን ነው!»

ሙሾ የምታወርደዋ መሃል ላይ አቋረጠች።

«ዓይኗ ምን ሆነ?» አልኩ መሬት ላይ ሆኜ።

«ይወጣል» አሉ። «መውጣት አለበት አለ ዶክተሩ። ነቀርሳ ነው።»

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ታምሩ አልሞተም! ተነስቼ አባባ ወልዴን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ቀጥሎ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ከዚያ ደግሞ ንዴቴ መጣ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«መንደሩ በሙሉ ያውቃል? ያ ሁሉ ከረሜላ...?»

«ያውቃል።»

«እናቷ እኔ ነኝ! ከእኔ በፊት ጎረቤት ይሰማል?»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብቻሽን ነበርሽ ልጄ» አሉ። «ባልሽ የለ፣ እናትሽ የለች። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ብቻውን ሆኖ አይሰማም። ሰው እስኪሰበሰብ ብዬ ነው።» አለቀሱ። እትዬ በላይነሽ ከኋላ ሆነው «ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲገላበጡ ነው ያደሩት» አሉኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት ይናደዱባቸዋል? ተናደድኩ ግን። ሁለቱም በአንድ ላይ ይቻላል።

ሰላም በጩኸቱ ነቅታ በር ላይ ቆማለች። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። እሷም ማንም ካልሞተ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው።

አርብን አልጠበቅኩም። ፊቴን ታጠብኩና «አሁኑኑ ዶክተሩ ጋ እሄዳለሁ» አልኩ። ለብቻዬ ልሄድ ነበር፤ አይሆንም ብለው ጋሽ ታደሰ፣ አባባ ወልዴ፣ ሦስት ሴቶችና ድንኳኑን ሳይጥል የቀረው የእድር ጸሐፊ ተከተሉኝ። ዶክተሩ በሩን ከፍቶ ሲያየን ደነገጠ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምንድነው?»

«ቤተሰብ ነን» አሉ አባባ ወልዴ።

«ዶክተር፣ ለኔ ይንገሩኝ» አልኩት። «ፊቴን እያዩ ይንገሩኝ።»

ተቀመጪ ሳይለኝ እሱ ራሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ነገረኝ። እንደሚከተለው ነው፤ ልጅ ያላችሁ አንብቡት። በሽታው ካንሰር ነው፤ ሕፃናት ዓይን ውስጥ የሚወጣ ዓይነት። እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያጠባሁት ወተት፣ ያበላኋት ምግብ፣ የሰው ዓይን ያመጣው አይደለም። ያ ማታ በኩራዝ ያየሁት ነጭ ብልጭታ ራሱ በሽታው ነው። ዓይኑ ከዓይን ጀርባ ባለው ነርቭ ከአንጎል ጋር ይገናኛል። በሽታው በዚያ መንገድ ካለፈ ልጅቷን ማትረፍ ይከብዳል። ሳያልፍ ዓይኑ ከወጣ ግን ልጅቷ ታድጋለች።

«አልፏል?»

«አላለፈም ብዬ አስባለሁ። ወጥቶ በላቦራቶሪ ሳይታይ ግን አላለፈም ብዬ አልምልልሽም።»

«ሌላው ዓይኗስ?»

«ተኝታ በደንብ አየዋለሁ።»

«የኔ ጥፋት አለበት?»

«የለበትም። በኩራዝ አይተሽ መምጣትሽ ነው ያንቺ ሥራ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ዶክተሩ አስጨርሶኝ፣ ቦሌ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንዳለ፣ የእነሱም ልጅ በዚሁ በሽታ ዓይኗ እንደወጣ፣ አዲስ የሚመጡ ወላጆችን በደስታ እንደሚቀበሉ ነገረኝ። «እኔ ሐኪም ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ እነሱ ናቸው የሚያውቁት» አለኝ።

አርብ

አርብ ሲከራከሩኝ ዋሉ። ጋሽ ታደሰ «ለታምሩ እንጻፍለት፤ አባት ሳይሰማ የልጅ ዓይን ይወጣል?» አሉ። እትዬ በላይነሽ ጠበል እንቅደም አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግንባር የሚሄድ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «በሽታው ፖስታ አይጠብቅም» አልኳቸው። ለእትዬ በላይነሽ ደግሞ «ጠበሉን በጠርሙስ ያምጡልኝ፤ ሆስፒታል ይዘነው እንገባለን» አልኳቸው። በዚህ ታረቅን። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ልቤ አልቆረጠም ነበር። ዓይኗን አውጡ ብሎ መፈረም፣ ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ታድጋለች፣ ማን ያገባታል፣ የክፍል ልጆች ምን ይሏታል... አስተማሪ ስለሆንኩ ልጆች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

ቅዳሜ

ቦሌ ሌላ አገር ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሰው ሳይኖርበት ተነጥፎ ይታያል። የግንብ አጥር፣ የብረት በር፣ ከአጥሩ በላይ አበባ። ሰላምን በእጄ ይዤ ቤቱን ስፈልግ ከጀርባዬ የሚያስገመግም ድምፅ መጣ። እኛ ጋ በዝቅታ የሚበር አውሮፕላን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን ግንባር የሚሄድ የጦር አውሮፕላን። ሰላምን አቅፌ ቦይ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። አውሮፕላኑ በደህና አለፈና አረፈ። የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆዱን ይዞ እየሳቀ መጣና እጄን ይዞ አወጣኝ። «የመንገደኛ ነው እናቴ። አሁን ሌላም ይመጣል፤ ለሁሉም ቦይ አትገቢ» አለኝ። የምፈልገውን ቤትም እሱ ነው ያሳየኝ።

ወይዘሮ ሂሩት ቀሚሴ ላይ ያለውን ጭቃ አይተው ምንም ሳይጠይቁ ውሃ አመጡልኝ። ባለቤታቸው አውሮፕላን ጠጋኝ ናቸው፤ ከወለጋ ነው የመጡት። ጴንጤዎች ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶባቸዋል። ሻይ ሲቀርብ ወይዘሮ ሂሩት መስኮቱን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። በጸሎታቸው ውስጥ የሰላምን ስም ሰማሁ፤ ከበር ላይ አንዴ ነው የነገርኳቸው።

ግቢው ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች። በአንድ እግሯ እየዘለለች መስመሩን ሳትነካ ትመለሳለች። «ልጄ ሜሮን ናት» አሉኝ።

«የታመመችው ታናሿ ናት?»

«እሷው ናት።»

ጠርቼ አየኋት። ቀኙን አየሁ፣ ግራውን አየሁ። «ይሄኛው ነው» አልኩ ወደ ቀኟ እያሳየሁ። ሜሮን ሳቀች። «ሁሉም ይሳሳታል» አለች። ከዚያ እኔ ሳልዘጋጅ ግራ ዓይኗን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ደነገጥኩ፤ አልዋሽም። «አቧራ ገብቶበታል፤ አጥቤው ልምጣ» ብላ ሄደች። ሰላም አፏን ከፍታ ተከተለቻት። የመጀመሪያዋ ነበር ከእኔ እጅ ወጥታ ከማታውቀው ሰው ጋር ስትሄድ።

ወይዘሮ ሂሩት ሻይ እየቀዱ ማንም ያልነገረኝን ነገሩኝ። ከቀዶ ጥገናው ስትወጣ ፊቷ ያብጣል፣ አትደንግጪ፤ ይጎድላል። አንሶላና ምግብ ከቤት ያዢ። የነርቩን ጫፍ የላቦራቶሪ ውጤት ሳትሰሚ ወደ አገርሽ አትሂጂ፤ ረስተው ቢሸኙሽ እንኳ እዚያው ቁጭ በይ። ሌላውን ዓይን ለማሳየት በየጊዜው መመለስ አለ፤ ደህና ናት ብለሽ አትቅሪ። በማታይበት በኩል ስትመጪ ድምፅ አሰሚ። ደረጃ ላይ ትደናቀፋለች፤ ትለምደዋለች። ሰው ሠራሹ ዓይን ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ እሱን ለእኛ ተዪው፣ ባለቤቴ የሚልክበት አያጣም።

«ሰው ሲያይሽስ? ሲያዝንላትስ?»

«ልጄ ላይ የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ ሻይ አጠጣውና እሸኘዋለሁ» አሉኝ። «የሞተ የለም እላለሁ።»

በመስኮቱ ሳይ ሁለቱ ልጆች መስመሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ያወራሉ። ሜሮን እየተናገረች ነው፤ ሰላም ራሷን ትነቀንቃለች። ምን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ስለ ጨዋታው መሰለኝ። እኔ ግን ሜሮንን ሳይ ልቤ ቆረጠ። ያቺ ልጅ ትዘላለች፣ ትስቃለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አንድ ዓይኗ የለም፣ እሷ ግን አለች።

የቀረው ሳምንት

ማክሰኞ ዕለት ገባች። እንደተኛች ሊወስዷት ሲሉ እትዬ በላይነሽ ጠበሉን ግንባሯ ላይ ረጩላት፤ ነርሷም ዞር ብላ አላየሁም አለች። ኮሪደሩ ላይ የእድሩ ሰዎች በተራ ከእኔ ጋር ዋሉ። ከአርሲ የመጣችው ዘይነባም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጇ መርፌ ጀምሯል፤ እብጠቱ ጎድሎ ፈገግታው መታየት ጀምሯል። «ምርመራ ይቀራል ሲሉኝ የቆዩት ለካ የልጄን ነቀርሳ ሲደብቁኝ ነው» አለችኝ። «የባሌ ወንድም ያውቅ ነበር።» ያኔ ነው መጀመሪያ ቀን ያለችኝ የገባኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ምኑ እንዳሳቀን እንጃ።

ዶክተሩ ሲወጣ ወደ ጋሽ ታደሰ አላየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ሌላው ዓይኗ ንጹሕ ነው አለኝ። የነርቩ ውጤት ግን ቆየ። ሊያሰናብቱን ሲሉ ወይዘሮ ሂሩት እንዳሉኝ ውጤቱን ካልሰማሁ አልሄድም ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ተቆጡ፣ ተቆጣሁ። በመጨረሻ መጣ። ጫፉ ላይ በሽታ የለም። አላለፈም! ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ፤ አንድ ዘበኛ እዚህ አይጮህም ብሎ ተቆጣኝ፣ እሱንም ሳምኩት።

የሚቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ሰላም በፋሻዋ ላይ እጇን ታሳርፋለች እንጂ አትጠይቅም። እትዬ በላይነሽ «ዓይኗ ተኝቷል በያት» አሉኝ። አላልኳትም፤ ጉርድ ሾላ ላይ በእኔ የሆነው በልጄ አይሆንም ብያለሁ። እውነቱን እነግራታለሁ። ግን ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ይሻላታል፣ እያልኩ የመመለሻችን ቀን ደረሰ።

የተመለስንበት ቀን

ጋሽ ታደሰ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙን። ጆንያዬን በሾላ ገበያ በርበሬና በቀሚስ ሞልተውታል። «ሌላ ጊዜ ክፉ ነገር ከመጣ» አሉኝ፣ «በቀን እነግርሻለሁ። ምሳ ከበላን በኋላ።» እኔም ጉልበታቸውን ሳምኩ። አውቶቡሱ ጉርድ ሾላ ሲያልፍ መንደሩ መገንጠያው ላይ ቆሞ አገኘነው፤ አባባ ወልዴ በምርኩዛቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን በደህናው ለብሰው እጃቸውን አወዛወዙ። ሰላም መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ቻው አለቻቸው።

ሰንዳፋ ላይ ያው ፈታሽ አልነበረም፤ ደግነቱ። ደብረ ብርሃንን አለፍን። ጣርማ በር ስንቃረብ ቤት ሳንደርስ መንገር አለብኝ አልኩ። ቤት ከደረስን ጎረቤት ይመጣል፣ እኔ ሳልነግራት ሌላ ሰው አልቅሶ ይነግራታል። ዋሻው ውስጥ ገባን። «መሸ» አለች። ወጣን። «ነጋ» አለች።

«ሰላምዬ» አልኳት፣ «የምነግርሽ ነገር አለ። ከፋሻው በታች...»

«ዓይኔ የለም» አለች። «አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሜሮን። የሷን ስታጥብ። ያንቺንም ያወጡታል፣ አያምም፣ በኋላ እንደኔ የሚታጠብ ያመጡልሻል አለችኝ።»

ያኔ ገና ሳይወጣ ማለት ነው። ሆስፒታል ስትገባ ታውቅ ነበር። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንዴት ልንገራት ስል፣ እሷ ፋሻዋን ይዛ ዝም ስትለኝ፣ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም የኔ እናት?»

«ብቻሽን ነበርሻ» አለች። «ሰው እስኪመጣ ነው።»

ከዚያ በደህናው ዓይኗ ዞር ብላ የሞላውን አውቶቡስ ከፊት እስከ ኋላ አየችና እጄን ያዘች።

«አሁን ሰው አለ» አለችኝ። «አሁን ማልቀስ ትችያለሽ።»

ደብረ ሲና እስክንደርስ አለቀስኩ። እዚያ ሲቆም ወረድንና ቆሎ ገዛን።